ሁለት የሲሊኮን ጎማ ኢንሱሌተሮች በአዳማ አቧራና ፀሐይ ፊት

በአዳማ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሮች ለ33 ኪሎ ቮልት መስመር የሚሆን የፖሊመር ኢንሱሌተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ያለበትን ሽቦ ከምሰሶው ነጥሎ የሚይዝ ከጎማ መሰል ቁስ የተሠራ ዕቃ፣ ማግኘት አሁን አስቸጋሪ አይደለም፤ አስቸጋሪው ከቀረቡት መካከል ለዓመታት ፀሐይና አቧራ ላይ ውሎ ማደር የሚችለውን መለየት ነው። ከከተማዋ ወደ ወንጂ በሚወስደው አቅጣጫ ለሚገኝ አንድ የግል የመስኖ ፓምፕ ጣቢያ አጭር የ33 ኪሎ ቮልት መስመር ሲዘረጋ የዕቃው ምርጫ በእኔ ኃላፊነት ሥር ስለነበረ፣ ከሁለት መደብሮች ሁለት ዓይነት የመወጠሪያ ኢንሱሌተሮችን ለናሙና ገዝቼ፣ አንዳንዶቹን በመጋዝ እስከ መቁረጥ ደርሼ መረመርኳቸው። አንደኛው ግራጫ፣ ሌላው ቀይ ቡናማ ስለሆነ ከዚህ በኋላ ግራጫውና ቀዩ እያልኩ እጠራቸዋለሁ። ቀለም ግን በራሱ የጥራት ምልክት አይደለም፤ አምራቹ የሚጨምረው ማቅለሚያ ብቻ ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር፣ ግራጫው ለአዳማ ይሆናል፤ ቀዩን ግን በነፃ ቢሰጡኝም ምሰሶ ላይ እንዲወጣ አልፈቅድም። ቀሪው ጽሑፍ ለዚህ ፍርድ ያበቃኝን ምርመራ የሚያስረዳ ነው።

አዳማ ለውጭ ኢንሱሌተር ቀላል ቦታ አይደለችም። ከተማዋ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ 1700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ ነፋሷ 51 እና 153 ሜጋ ዋት አቅም ያላቸው ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች እንዲተከሉባት ያደረገ ነው። ይኸው ነፋስ በበጋ ወራት ደቃቁን አቧራ እያነሳ በኢንሱሌተሩ ዙሪያ እንደ ጃንጥላ በተዘረጉት ክንፎች ላይ፣ በተለይም ዝናብ በማይደርስበት በሥራቸው፣ ያከማቻል። በወንጂ በኩል ደግሞ የሸንኮራ አገዳው ከመቆረጡ በፊት ማሳው ሲቃጠል የሚነሳ ጥቀርሻና አመድ አለ፤ የዕፅዋት አመድ የፖታሲየም ጨዎችን ስለሚይዝ፣ በረጠበ ጊዜ ኤሌክትሪክን ከተራ አፈር በተሻለ ያስተላልፋል።

ደረቅ አቧራ ብቻውን መስመር አያጠፋም። ችግሩ የሚጀምረው ከረጅም ደረቅ ወቅት በኋላ የመጀመሪያዋ ካፊያ ስትመጣ ወይም ሌሊቱን ጤዛ ሲወርድ ነው። ዶፍ ዝናብ ቆሻሻውን ጠርጎ ስለሚወስደው ብዙ ጊዜ ባለውለታ ነው፤ ካፊያና ጤዛ ግን ጨውን ያሟሙታል እንጂ አያጥቡትም። በዚያን ጊዜ በኢንሱሌተሩ ገጽ ላይ አነስተኛ ኤሌክትሪክ መፍሰስ ይጀምራል፤ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ ገጹን ያሞቀዋል፤ የሞቀው ቦታ ከሌላው ቀድሞ ይደርቅና ቀለበት መሰል ደረቅ ክፍል ይፈጠራል፤ ቮልቴጁ በሙሉ በዚያ ጠባብ ክፍል ላይ ስለሚያርፍ ትናንሽ ብልጭታዎች እየዘለሉበት ይቆያሉ። ርጥበቱና ጨው ከበረታ ብልጭታዎቹ ተያይዘው ከመስመሩ እስከ ምሰሶው ብረት ይደርሳሉ፤ መስመሩም ይጠፋል። የመስመር ሠራተኞች ‹‹ስኒው ፈነዳ›› የሚሉት አደጋ ብዙ ጊዜ ከዚህ የሚነሳ ነው።

የመስመር ሠራተኞች ስኒ የሚሉት የቀድሞው የሸክላ ኢንሱሌተር ገጽ በመስታወት መሰል ልባስ የተሸፈነ ስለሆነ ውሃ ሲያገኘው ተንጣልሎ ቀጭን ሽፋን ይሠራበታል። የሲሊኮን ጎማ ግን ውሃን ይገፋል፤ ጠብታው በጎመን ቅጠል ላይ እንደሚንከባለለው እየተንከባለለ ይወርዳል እንጂ አይንጣለልም። ጠብታዎቹ እርስ በርስ ካልተገናኙ ለኤሌክትሪኩ የሚሆን ቀጣይ መንገድ አይኖርም። ሲሊኮንን ከሌሎቹ የውጭ ፖሊመሮች፣ ለምሳሌ ኢፒዲኤም ከሚባለው የጎማ ዓይነት፣ የሚለየው ታላቅ ነገር ደግሞ ቆሻሻ ከሸፈነው በኋላም ይህን ባህርይ መልሶ ማግኘቱ ነው። በጎማው ውስጥ ያሉ ቀላልና አጫጭር የሲሊኮን ሞለኪውሎች ቀስ በቀስ ወደ ገጹ ይወጣሉ፤ ከዚያም በላዩ ባረፈው አቧራ ውስጥ ሰርገው አቧራውን ራሱን ውሃ የሚገፋ ያደርጉታል። ይህ ሂደት ጊዜ ይፈልጋል፤ ሙቀት ያፋጥነዋል፤ ከዚህ አንጻር የአዳማ ሙቀት የሚጠቅም ነው።

ፀሐይን በተመለከተም ሲሊኮን በተፈጥሮው የተሻለ መከላከያ አለው። መሬት ላይ ከሚደርሰው የፀሐይ ብርሃን ውስጥ ኃይለኛው የአልትራቫዮሌት ጨረር የሞገድ ርዝመቱ 300 ናኖ ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ የሚሸከመው ኃይል በሞል ወደ 400 ኪሎ ጁል ይጠጋል። በተራ ፕላስቲኮች ውስጥ ያለው የካርቦንና የካርቦን ትስስር ወደ 350 ኪሎ ጁል ስለሆነ ጨረሩ ሊበጥሰው ይችላል፤ የሲሊኮን አከርካሪ የሆነው የሲሊከንና የኦክሲጅን ትስስር ግን ወደ 445 ኪሎ ጁል ይደርሳል። በከተማችን በየበረንዳው የተሰቀሉ ተራ የፕላስቲክ ዕቃዎች በጥቂት ዓመታት ነጭተው ሲሰነጣጠቁ የሲሊኮን ጎማ ረጅም ዕድሜ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ጎማው በእርግጥ ጥሩ የሲሊኮን ጎማ ከሆነ ነው፤ ይህንን ደግሞ በዓይን አይቶ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ሁለቱንም ሻጮች አስቀድሜ የጠየቅኳቸው ዋጋ ሳይሆን የቁሳቁሱን የፍተሻ ሪፖርት ነበር። የግራጫው ሻጭ ከአስመጪው ተቀብሎ ሙሉውን ሪፖርት በቴሌግራም ላከልኝ። የቀዩ ሻጭ፣ ቅን ሰው ቢሆንም፣ ‹‹ኢንጂነር፣ ላስቲክ እኮ ነው፤ ከሸክላው በምን ያንሳል? አይሰበር፣ አይከብድ!›› ብሎ ካስረዳኝ በኋላ አንድ ገጽ ብቻ የሆነ ወረቀት አቀረበልኝ። ስለ ክብደቱ የተናገረው እውነት ነው። ሦስት የሸክላ ሰሃኖች ተያይዘው ለ33 ኪሎ ቮልት የሚሠሩት ስኒ ከ10 ኪሎ ግራም በላይ ሲመዝን፣ ያንኑ ሥራ የሚሠራው ፖሊመር ከ2 ኪሎ ግራም ብዙም አይበልጥም፤ ምሰሶ ላይ ሆኖ ለሚሠራ ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው። በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ከሁሉም በላይ ያየሁት አይኢሲ የተባለው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ደረጃ አውጪ ተቋም በ60587 ቁጥር የደነገገውን፣ ቁሳቁሱ ለመክሰልና ለመሸርሸር ያለውን መቋቋም የሚለካውን ፍተሻ ውጤት ነው። አሠራሩን ማወቅ ወረቀቱን ለማንበብ ስለሚረዳ ዘርዘር አድርጌ ልግለጸው። ከጎማው 120 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ 50 ሚሊ ሜትር ስፋትና 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ናሙና ይዘጋጅና የሚፈተነው ገጽ ወደ ታች እንዲያይ ሆኖ በ45 ዲግሪ ያዘነብላል። በገጹ ላይ ሁለት ኤሌክትሮዶች በ50 ሚሊ ሜትር ርቀት ይታሰራሉ። ከላይኛው ኤሌክትሮድ ሥር 0.1 ከመቶ አሞኒየም ክሎራይድ የተሟሟበት ውሃ ያለማቋረጥ በገጹ ላይ እንዲወርድ ይደረጋል፤ ቮልቴጁም ለ6 ሰዓት ሳይቋረጥ ይቆያል። ቮልቴጁ 2.5፣ 3.5 ወይም 4.5 ኪሎ ቮልት ሊሆን ይችላል፤ ቮልቴጁ ከፍ ሲል የሚወርደው ፈሳሽም ይጨምራል፤ በ2.5 ኪሎ ቮልት በደቂቃ 0.15 ሚሊ ሊትር የነበረው በ4.5 ኪሎ ቮልት 0.6 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በተለመደው መመዘኛ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ ከ60 ሚሊ አምፒር በላይ ሆኖ ለ2 ሰኮንድ ከቆየ ናሙናው ወድቋል ማለት ነው፤ ቁሳቁሱ ደረጃውን እንዲያገኝ ደግሞ የሚፈተኑት አምስቱም ናሙናዎች ማለፍ አለባቸው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው የዚህ ፍተሻ ብልሃት በፈሳሹ ውስጥ ከጨው ሌላ 0.02 ከመቶ ያህል ሳሙና መሰል አርጣቢ መጨመሩ ነው። አርጣቢው የሲሊኮኑን ውሃ የመግፋት ባህርይ ሆን ብሎ ያሸንፈዋል። ፍተሻው የሚጠይቀው ‹‹ይህ ጎማ ውሃ ይገፋል ወይ?›› ብሎ ሳይሆን ‹‹ውሃ መግፋቱን ባጣበት ክፉ ቀን ብልጭታ ሲያርፍበት ምን ይሆናል?›› ብሎ ነው። ካርቦን የበዛበት ፕላስቲክ ሲቃጠል የከሰለ መስመር ይተዋል፤ ከሰል ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ መስመሩ እያደገ ሄዶ ሁለቱን ጫፎች ያገናኛል። ሲሊኮን ሲቃጠል በአብዛኛው የሚተወው ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ነጭ ሲሊካ ነው፤ ስለዚህ ከመክሰል ይልቅ ይሸረሸራል። መሸርሸሩን የሚያዘገየው ደግሞ በጎማው ውስጥ የሚደባለቀው አሉሚና ትራይሃይድሬት የተባለ ዱቄት ነው። ይህ ዱቄት ከክብደቱ ከሲሶ በላይ የሚሆን ውሃ በውስጡ አስሮ ይይዛል፤ ከ200 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ ውሃውን እየለቀቀ ብልጭታው ያረፈበትን ቦታ ያቀዘቅዛል። በዱቄቱ መጠንና ጥራት ላይ የሚቆጥብ አምራች የሚቆጥበው ከኢንሱሌተሩ ዕድሜ ላይ ነው።

የግራጫው ሪፖርት 4.5 ኪሎ ቮልት ላይ ከላይ በገለጽኩት የ60 ሚሊ አምፒር መመዘኛ ማለፉን፣ ማለትም 1ኤ4.5 የተባለውን ደረጃ ማግኘቱን፣ ከናሙናዎቹ ፎቶግራፍና ከእያንዳንዳቸው የመሸርሸር ጥልቀት ጋር ያሳያል። የቀዩ ወረቀት 1ኤ2.5 ይላል፤ ከዚህም የሚብሰው ወረቀቱ የተጻፈው ኢንሱሌተሩን ለሠራው ፋብሪካ ሳይሆን ጥሬ ጎማ ለሚሸጥ ሌላ ድርጅት መሆኑ ነው። ጥሬ ጎማው ተገዝቶ ሲያበቃ ፋብሪካው ዋጋ የሚያረክስ ሌላ ዱቄት ጨምሮበት ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱ ስለዚያ የሚመሰክረው ነገር የለም። በእኔ ሚዛን ለመካከለኛ ቮልቴጅ የውጭ መስመር ከ3.5 ኪሎ ቮልት ደረጃ በታች ያለ ጎማ መቅረብ የለበትም፤ አመድ በሚያርፍበት በወንጂ አካባቢ ደግሞ 4.5 መጠየቅ ቅንጦት አይደለም።

ግራጫው በአይኢሲ 62217 የተደነገገውን የ1000 ሰዓት የጨው ጉም ፍተሻም አልፏል። በዚህኛው የሚፈተነው ጠፍጣፋ ናሙና ሳይሆን ራሱ ኢንሱሌተሩ ነው፤ በሜትር ኩብ ውሃ 10 ኪሎ ግራም ጨው በያዘ ጉም ውስጥ ቮልቴጅ እንደተሸከመ ይቆያል፤ በመጨረሻም ገጹ እንዳልከሰለ፣ ክንፎቹ እንዳልተበሱ፣ መሸርሸሩም እስከ ውስጠኛው ዘንግ እንዳልደረሰ ይመረመራል። የቀዩ ሻጭ ስለዚህ ፍተሻ ምንም ወረቀት አልነበረውም።

ወረቀት ይህን ያህል ከተናገረ በኋላ ዕቃው ራሱ እንዲናገር ማድረግ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሪፖርቱ የተሠራበት ናሙናና መደብሩ ውስጥ ያለው ካርቶን አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ውሃ የመግፋት ባህርይን ለመመዘን ስትሪ የተባለው የስዊድን የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣው ቀላል መመሪያ አለ፤ ከተራ የውሃ መርጫ ጠርሙስ በቀር መሣሪያ አይፈልግም። ከ25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቀት ሆኖ በሰኮንድ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ለ20 እስከ 30 ሰኮንድ ይረጫል፤ ወዲያውም በ10 ሰኮንድ ውስጥ ገጹ ታይቶ ከ1 እስከ 7 ደረጃ ይሰጠዋል። 1 ማለት ክብ ክብ ጠብታዎች ብቻ የሚታዩበት፣ 7 ማለት ውሃው መላውን ገጽ በአንድ ሽፋን የሸፈነበት ነው። ከካርቶን እንደወጡ ሁለቱም ኢንሱሌተሮች 1 የሚሰጣቸው ነበሩ፤ በዚህ ደረጃ ላይ የቆመ ገዢ ቀዩን በርካሽ ዋጋ ገዝቶ ደስ ብሎት ይሄዳል።

ልዩነቱ የመጣው ሁለቱንም ካቆሸሽኳቸው በኋላ ነው። ከወንጂ መንገድ ዳር የተሰበሰበ ደቃቅ አቧራና ከተቃጠለ ማሳ የተወሰደ አመድ ለየብቻ በውሃ ለውሼ፣ በየተለያየ ክፍላቸው ላይ በብሩሽ ቀብቼ፣ ጥላ ውስጥ አደረቅኳቸው። በዚያው ዕለት ሲረጩ ሁለቱም እንደ አፈር ግድግዳ ውሃውን ጠጡት፤ ይህም የሚጠበቅ ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት የግራጫው የአቧራ ሽፋን ቀስ በቀስ ውሃ መግፋት ጀመረ፤ በመጨረሻም በአቧራው ላይ ያረፈው ውሃ ክብ ጠብታ ሆኖ ተቀመጠ። አቧራው ሲነካ ያው አቧራ ነው፤ እጅ ያቆሽሻል፤ ውሃ ግን አያስገባም። ይህንን በዓይን ማየት ከየትኛውም የሽያጭ መጽሔት ይልቅ ያሳምናል። የቀዩ ሽፋን በአንጻሩ ከተራ አቧራው በኩል በመጠኑ ተሻሻለ፤ አመድ ያለበት ክፍል ግን በተረጨ ቁጥር እየረጠበ፣ ውሃውም እየተንጣለለ ቀረ። ይህ ለእኔ ወሳኙ ውጤት ነበር፤ በወንጂ አቅጣጫ የሚሠራ ኢንሱሌተር ከአመድ ማምለጫ የለውምና።

የጎማውን ስሪት በተመለከተ አንድ ተጨማሪ ምርመራ አደረግሁ። ከእያንዳንዱ ክንፍ ትንሽ ቁራጭ ቆርጬ በጋዝ ነበልባል ስይዘው ግራጫው ቶሎ አልያዘም፤ ነበልባሉ ሲወሰድም ጠፍቶ ነጭ አመድ ተወ። ቀዩ ነበልባሉ ከተነሳ በኋላም ቆየት ብሎ ነደደ። የቀዩን አመድ ፈጭቼ ኮምጣጤ ባፈስበት አረፋ አወጣ፤ የግራጫው አላወጣም። አረፋው በጎማው ውስጥ ኖራ ነክ ዱቄት፣ ማለትም ካልሲየም ካርቦኔት፣ መኖሩን ያመለክታል፤ አሉሚና ትራይሃይድሬት ኮምጣጤ ሲነካው አያፈላም። ሁለቱም ዱቄቶች ከባድ ስለሆኑ ጎማውን በሚዛን መለየት አይቻልም፤ የኖራው ዱቄት ግን በመክሰያው ሙቀት ላይ የሚያቀዘቅዝ ውሃ አይለቅም። ይህ የቤተ ሙከራ ትንታኔ ምትክ አይሆንም፤ ለገዢ ግን በቂ የማስጠንቀቂያ ደወል ነው።

ቀጥሎ ወደ ውስጥ መግባት ነበረብኝ። የፖሊመር ኢንሱሌተር ክብደት የሚሸከመው ጎማው ሳይሆን በመሀሉ ያለው የፋይበርግላስ ዘንግ ነው፤ ጎማው የዘንጉ ልብስ ነው። ውሃ በጫፍ ብረቱና በጎማው መገናኛ በኩል ሾልኮ ዘንጉ ጋ ከደረሰ፣ ከብልጭታ የሚፈጠር አሲድ የመስታወቱን ክሮች እየበላ ቆይቶ ዘንጉን አንድ ቀን በድንገት ይበጥሰዋል፤ መስመሩም መሬት ላይ ይወድቃል። በሸክላው ስኒ ላይ የማይታወቀው የፖሊመር አደገኛ አወዳደቅ ይህ ነው። በአይኢሲ 62217 የሚገኘው የቀለም ፍተሻ ይህንን አስቀድሞ ለማወቅ ይረዳል። ዘንጉ ከነጎማው 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባላቸው ቁራጮች ይቆረጣል፤ ቁራጮቹ በትናንሽ የብረት ኳሶች ላይ ቆመው 1 ከመቶ ፉክሲን የተባለ ቀይ ቀለም የተሟሟበት ሜታኖል ሥራቸውን እንዲነካ ይደረጋል፤ ቀለሙ ከ15 ደቂቃ በፊት በዘንጉ ውስጥ አልፎ ከላይ መታየት የለበትም። ሜታኖል ትነቱም መርዝ ስለሆነ ሥራው ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ከእሳት ርቆ መሠራት አለበት። የግራጫው ቁራጮች ላይ ምንም አልታየም። ከቀዩ ቁራጮች ውስጥ ግን ቀይ ነጠብጣብ ጊዜው ሳይደርስ ከላይ ብቅ ያለባቸው ነበሩ፤ ይህም በዘንጉ ርዝመት የሚሄዱ ቀጫጭን ባዶ ቀዳዳዎች እንዳሉ ያሳያል።

የጫፍ ብረቶቹን ደግሞ ከነጎማቸው 0.1 ከመቶ ጨው ባለው ውሃ ደረጃው እንደሚያዘው ለ42 ሰዓት ቀቀልኳቸው። በደረጃው መሠረት ከዚህ በኋላ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለው ሌላ ፍተሻ ይከተላል፤ እኔ የተመለከትኩት መገናኛዎቹን ብቻ ነው። በግራጫው ላይ ጎማው ከዘንጉ ለመላቀቅ ፈቃደኛ አልነበረም፤ በጉጠት ስስበው ራሱ ጎማው ተቀደደ እንጂ ከዘንጉ አልተለየም። ጥሩ ማጣበቂያ ማለት ይህ ነው። ቀዩ ከተቀቀለ በኋላ በጫፍ ብረቱ ዙሪያ በጥፍር ሊከፈት የሚችል ክፍተት አሳየ።

ስለ መጠን የሚሠራው ሂሳብ አጭር ነው፤ በመደብር ግን ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው እሱ ነው። የ33 ኪሎ ቮልት መስመር ከፍተኛ ቮልቴጁ 36 ኪሎ ቮልት ስለሚቆጠር፣ ከአንዱ ሽቦ እስከ መሬት ያለው 20.8 ኪሎ ቮልት ነው። አይኢሲ 60815 ከባድ ብክለት ላለበት ቦታ በኪሎ ቮልት 43.3 ሚሊ ሜትር የገጽ ርቀት ስለሚጠይቅ፣ ኤሌክትሪኩ በክንፎቹ ገጽ እየተጠማዘዘ የሚሄድበት ርቀት 900 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። የግራጫውን በወረቀት ፕላስተር እየተከተልኩ ስለካው በላዩ ከተጻፈው ጋር ተስማማ፤ ከ900 ሚሊ ሜትርም ይበልጣል። የቀዩ ካርቶን 900 ይላል፤ ልኬቱ ግን ከዚያ ጉልህ በሆነ መጠን ያንሳል። ክንፎቹ ቀጭንና አጭር ሆነው ሳለ የካርቶኑ ጽሑፍ ሳይቀነስ ቀርቷል።

ከፍታም ሂሳብ ውስጥ መግባት አለበት። አየር ሲሳሳ ብልጭታን የመከልከል አቅሙ ይቀንሳል፤ የኢንሱሌተሮች የመብረቅ መቋቋም ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው እስከ 1000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው። ለአዳማ 1700 ሜትር ሲሰላ ማስተካከያው 9 ከመቶ ገደማ ስለሚሆን፣ ለ36 ኪሎ ቮልት ደረጃ የተለመደው 170 ኪሎ ቮልት የመብረቅ መቋቋም ወደ 185 ከፍ ማለት አለበት። የግራጫው ወረቀት ከዚህ የሚበልጥ ቁጥር ይዟል። የቀዩ ልክ 170 ነው፤ ለባሕር ዳርቻ ከተማ የሚበቃ ቁጥር ለእኛ አይበቃም።

በሜካኒካል ጥንካሬ በኩል ሁለቱም 70 ኪሎ ኒውተን ይላሉ። በአይኢሲ 61109 መሠረት እያንዳንዱ ኢንሱሌተር ከፋብሪካ ከመውጣቱ በፊት የዚህን ግማሽ ለ10 ሰኮንድ መሸከሙ መረጋገጥ አለበት። በግራጫው ብረት ላይ የአምራቹ ምልክት፣ የተሠራበት ዓመትና የጭነት መጠኑ በማኅተም ተቀርጿል፤ በቀዩ ላይ ያለው በጣት ጥፍር የሚላቀቅ ተለጣፊ ወረቀት ብቻ ነው።

ግራጫው እንከን የለሽ ነው ማለቴ አይደለም። ማሸጊያው ደካማ ነው፤ በአንድ ካርቶን ውስጥ ብዙ ስለሚደረደሩ የአንዳንዶቹ ክንፎች ጫፍ ታጥፎ ደርሷል፤ ተመልሶ ቢቃናም አምራቹ ሊያስብበት ይገባል። ከዕቃው ጋር የመትከያ መመሪያ በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ አይመጣም፤ በዚህ ምክንያት የሸክላ ስኒ የለመዱ ሠራተኞች ጎማውን በሽቦ አስረው ሲጎትቱትና ሲረግጡት አይቼ አስቁሜአለሁ። ዘንጉ ከተጠመዘዘ በውስጡ የሚፈጠረው ስንጥቅ ከውጭ አይታይም። መጋዘን ውስጥ ደግሞ አይጥ ጎማውን ስለምትበላ ካርቶኖቹ ከመሬት ከፍ ተደርገው መቀመጥ አለባቸው። የሸክላው ስኒ ሲጎዳ ተሰብሮ ወይም ተሰንጥቆ ይታያል፤ ፖሊመሩ ግን ውስጡ ተጎድቶ ውጩ ደህና ሊመስል ይችላል፤ ይህንን የማይቀበል የጥገና ክፍል ወደ ፖሊመር ባይሻገር እመርጣለሁ።

ዋጋውን በተመለከተ ቀዩ ከግራጫው በሲሶ ያህል ይረክሳል። አንድ የፓምፕ ጣቢያ ውሃ በሚፈለግበት ሰሞን ቢቆም የሚያደርሰውን ጉዳት ለሚያውቅ ሰው ይህ ቅናሽ አይደለም። ለደንበኛዬ የገዛሁት ግራጫውን ሲሆን፣ በግዥ ሰነዱም ላይ ጎማው 1ኤ4.5 ደረጃ ያለው ሲሊኮን እንዲሆን፣ ዘንጉ አሲድ ከሚቋቋም፣ ቦሮን ከሌለው መስታወት እንዲሠራ፣ የሪፖርቱ የአምራች ስምም በብረቱ ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ እንዲሆን አስፍሬአለሁ። የግራጫው ሻጭ እነዚህን ነጥቦች ሳያጉረመርም ተቀብሎ ካርቶኖቹ ሲመጡ አብረን ከፍተን እንድናይ ፈቅዷል፤ ለዚህ መስተንግዶው ምስጋና ይገባዋል። መስመሩ በተተከለበት ቦታ ከአገዳ ማቃጠያው ወቅት በኋላ፣ ኃይል በሚቋረጥበት የጥገና ቀን፣ ጥቂቶቹን በውሃ መርጫ እየፈተሹ ደረጃቸውን እንዲመዘግቡ ለጣቢያው ሠራተኞች አሳይቻቸዋለሁ፤ ደረጃው 5 ወይም 6 ከደረሰና ካልተመለሰ በለስላሳ ጨርቅና በንጹሕ ውሃ ማጠብ ይበቃል፤ ቤንዚንም ሆነ ሌላ የሚያሟሟ ፈሳሽ ጎማውን ስለሚጎዳ ሊነካው አይገባም።

ለ15 ኪሎ ቮልት መስመር የሚገዛ ሰው ተመሳሳይ ሂሳብ በ17.5 ኪሎ ቮልት ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲሠራ 440 ሚሊ ሜትር ገደማ የገጽ ርቀት ያገኛል፤ በአዳማ መደብሮች ለዚህ መስመር ከሚቀርቡት አጫጭሮቹ ይህንን ስለማያሟሉ ከመክፈል በፊት በፕላስተር መለካት ይገባል።